ሱሪ ይለበሳል ወይስ ይታጠቃል?

ከአዘዞ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «‹ሱሪ ልልበስና እመጣለሁ› ስል አያቴ ‹ሱሪ ይታጠቁታል እንጂ ይለብሱታል እንዴ?› ብለው ይስቁብኛል። ማናችን ነን ልክ?»

አያትህ ናቸው። እዚሁ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ፤ ግን አላስችል አለኝ።

አማርኛ ልብስን ሁሉ በአንድ ግስ አያልፍም። ቀሚስ ይለበሳል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ጫማ ይደረጋል። የድሮ ሱሪ ደግሞ ቁልፍም ዚፕም የለው፤ ሰፊውን ወገብ ሰብስበው በገመድ ያስሩታል። ስለዚህ ይታጠቁታል። በዜና የምትሰማው «ታጣቂ»ም፣ «ትጥቅ ፈታ»ም ከዚሁ ከወገብ ላይ የተነሱ ናቸው።

ቃሉን ራሱን ካነሳን፣ «ሱሪ» ከ«ሥር» የመጣ ነው፣ ከሥር ስለሚለበስ የሚሉ አሉ። አይዋጥልኝም። ከሥር የሚለበስማ ሙታንታ ነው፤ እሱም ከጣሊያን የመጣ። እኔ የምጠረጥረው የዐረቡን «ሲርዋል» ነው፤ እሱም ሱሪ ማለት ነው። ዋው («ው») ወደ «ኡ» ዞረች እንበል። ላዊስ («ል») የት ገባች? ወንዱን «ብላ» ብለን ሴቷን «ብዪ» እንላለን፤ ላዊ «ኢ» ስትጠጋት ወደ «ይ» መቅለጥ ልማዷ ነው። እርግጥ በ«ሲርዋል» መጨረሻ «ኢ» የለም፤ እዚህ ላይ ክሬ ይሳሳል። ቢሆንም ከ«ሥር» ይሻላል። («ቁምጣ» እንኳ አያከራክርም፤ ከ«ቆመጠ» ነው፣ የተቆረጠ።)

«ልብስ ከሆነ ይለበሳል፣ አለቀ» የሚል ሙግተኛ አለኝ። ዘሌዋውያን 16፥4ን ያመጣብኛል። እዚያ ካህኑ ቀሚሱን ይለብሳል፣ መታጠቂያውን ይታጠቃል፣ ሱሪው ግን በገላው ላይ ይሆናል። «አየህ፣ ሱሪው አልታጠቀም» ይለኛል። ለብቻው «ይልበሰው»ም አላለም እኮ! መጨረሻ ላይ ልብሶቹን ሁሉ በጅምላ «ይልበሳቸው» ማለቱን ግን አልክድም።

ግን ልዋሽህ አልፈልግም፤ ዘመኑ ከእሱ ጋር ነው። «ሱሪ የታጠቀ» ማለት ወንድ ማለት ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ትንሽ ብትቆም ይህን አባባል የሚያፈርሱ ሴቶች በየደቂቃው ያልፋሉ። እነሱ «ለበስኩ» ነው የሚሉት፤ ወንዶቹም እንደዚያው። ባለፈው ሳምንት እኔም ቅዳሜ ገበያ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «ይልበሱትና ልየው» አለኝ። ላርመው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ለበስኩት።

ቀበቶውን ግን ታጠቅሁ።