ጎራዴውን ከማጽዳታችሁ በፊት አንብቡት

ውድ ልጆቼ፣ በመንዝም ሆነ በተጉለት ከአያት የወረደ ጎራዴ ወይም ሳንጃ እጃችሁ ሲገባ ቶሎ የሚታሰባችሁ ዝገቱን አስለቅቆ እንደ አዲስ ማብራት መሆኑን አውቃለሁ፤ በብረት ሥራ እንደሸበተ ሰው የምለምናችሁ ግን ማጽዳቱን አቆይታችሁ በቅድሚያ ብረቱን እንድትመረምሩት ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተያዙት ጎራዴዎች መካከል ብረታቸው ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የመጣ ጥቂት አይደሉም። በብረቱ ላይ ያለው ዘውድ የጫነ አንበሳና ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ በአሲድ የተበላ ስስ መስመር ነው፤ ስለዚህ አንዴ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ ጠፍቶ ይቀራል። መስኮት አጠገብ ቆማችሁ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት ብታዘነብሉት በዝገት የተሸፈነው ፊደል ጥላ ይዞ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ፎቶ አንሡት።

የውጅግራ (የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ) ሳንጃ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ የ1874ቱ የፈረንሳይ ሞዴል የተሠራበት ፋብሪካ፣ ወርና ዓመት በጀርባው ላይ በእጅ ጽሑፍ መልክ ተቀርጾበታል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ 1878 የሚለውን አንብቦ «ከዐድዋ ዐሥር ዓመት ይቀድማል» የሚል አይጠፋም፣ ልዩነቱ ግን ዐሥራ ስምንት ነው።

ወደ ጽዳቱ ስትመጡ ጣት ላይ እንደ በርበሬ ዱቄት የሚቀረውን ቀይ ዝገት ከጠቆረውና ከለሰለሰው ገጽ ለዩ። የመጀመሪያው ብረቱን እየበላ ነው፤ ሁለተኛው የብረቱ ዕድሜ ነውና አይነካም። ቀዩን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱም በጥጥ ጨርቅ ከጀርባው በኩል ይዛችሁ በርዝመቱ ጥረጉት። ካልለቀቀ ባለ አራት ዜሮ (0000፣ እጅግ ደቃቁን) የብረት ሱፍ በዘይት ነክራችሁ፣ ጽሑፍ በሌለበት ቦታ ብቻ፣ በቀስታ አሹት። ሎሚ፣ አመድና አሸዋ አያስፈልጉም፤ ግራይንደር ለያዘ ሰው ደግሞ አሮጌ ብረት አታሳዩት። ስለቱን መሳልም አያስፈልግም፣ የሚታረድ በግ የለምና።

ስትመዙት ሰገባውን በስፌቱ በኩል አትጨብጡ፣ ያረጀ ስፌት በስለቱ ይተረተርና መዳፋችሁን ይቆርጣል። የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ክረምት ጉም ስለማይለቀው ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል፤ ስለዚህ ጎራዴው ከሰገባው ወጥቶ፣ ስስ ዘይት ተቀብቶ ለብቻው ይክረም። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነው፤ ቅርስ የሆነውን ዕቃም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለማይፈቀድ፣ ገንዘብ ቆጥሮ የሚመጣባችሁን ገዢ በመጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁት።