የአውራ ጣት ሕመምና የእጅ ስልክ፦ ጥያቄና መልስ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ የሥራዬ ትልቁ ክፍል የእጅና የእጅ አንጓ ሕመም ነው። ስልክ በማብዛት ስለሚመጣው የአውራ ጣት ሕመም የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። «አውራ ጣቴን ያመኛል» የሚል ሰው ቢያንስ ከአራት የተለያዩ ችግሮች አንዱ ሊኖርበት ይችላል፤ የአንዱ ሕክምና ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሕመሙ በትክክል የት ላይ እንደሆነ በሌላው እጅ ጣት ጫፍ ነክቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልብስ በቴሌግራም እሸጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ለደንበኞች የምመልሰው በስልክ ነው። ከአውራ ጣቴ ሥር ወደ እጄ አንጓ ጎን በኩል እንደ መርፌ ይወጋኛል፤ ትንሽም አብጧል። ምን ይሆን?

መልስ፦ የገለጹት ቦታ የደ ኬርቫን ሕመም የሚባለው የሚታይበት ነው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1895 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ስለ ሕመሙ ከጻፈው ስዊዘርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከፍሪትዝ ደ ኬርቫን ነው፤ ይህም ሕመሙ ከስልክ መፈጠር እጅግ ቀድሞ የነበረ መሆኑን ያሳያል። አውራ ጣትን ወደ ውጭ የሚከፍቱና ወደ ላይ የሚያነሡ ሁለት ጅማቶች ከክንድ ተነሥተው ወደ ጣቱ ሲያልፉ፣ በእጅ አንጓ ጎን ከፍ ብሎ በሚዳሰሰው አጥንት ላይ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይሾልካሉ። ጣቱ ያለ ዕረፍት ሲመላለስ የመተላለፊያዋ ሽፋን ይወፍራል፤ መንገዱም ይጠብባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ፍትጊያ ይሆናል።

ስልክ ይህን የሚያባብሰው አንድ እጅ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ስለሚያስገድድ ነው። አራቱ ጣቶችና መዳፍ ክብደቱን ይሸከማሉ፤ አውራ ጣት ደግሞ በዚያው ቅጽበት ተንጠራርቶ የማያ ገጹን ሩቅ ጥግ ይነካል፤ አንጓውም ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይታጠፋል። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ክብደቱ 135 ግራም፣ የማያ ገጹ ሰያፍ ርዝመት 3.5 ኢንች ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚይዘው ስልክ ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ፣ ማያ ገጹም ከ6 ኢንች በላይ ነው። የአውራ ጣታችን ርዝመት ግን ያው ነው።

በቤትዎ ሊሞክሩት የሚችሉት ምርመራ አለ። አውራ ጣትዎን በአራቱ ጣቶች ሸፍነው ይጨብጡ፤ ከዚያ አንጓዎን ቀስ አድርገው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያጥፉ። በጤነኛ እጅም ላይ መጠነኛ መወጠር ስለሚሰማ ሁለቱንም እጆችዎን ያነጻጽሩ። በሚያምዎት በኩል ብቻ በዚያ አጥንት ላይ ስለታም ሕመም ከተሰማዎት ጥርጣሬው ይጠነክራል። አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ ደጋግመው አይሞክሩት፣ ምርመራው ራሱ ያባብሰዋልና።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ብዙ በመጻፍ ብቻ እንዲህ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዎን፣ ይችላል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2014 የአንዲት ስፔናዊት ሐኪም ታሪክ አውጥቶ ነበር። የ34 ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። በገና ዋዜማ ተረኛ ስለነበረች በማግሥቱ 130 ግራም የሚመዝን ስልኳን ይዛ ለስድስት ሰዓት ያህል በዋትስአፕ ለመጡላት የእንኳን አደረሰሽ መልእክቶች ስትመልስ ዋለች፤ በበነጋው ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን አሟት ነቃች። ይሁን እንጂ የአብዛኛው ሰው ሕመም በወራት የተጠራቀመ ነው። ስልክ ብቻውን ጥፋተኛ የሚሆነውም ጥቂት ጊዜ ነው፤ ልብስ በእጅ አጥቦ መጠምዘዝ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ከባድ ድስት በጆሮው ማንሣት፣ እነዚህ ሁሉ በዚያችው ጠባብ መንገድ ያልፋሉ። ስልኩን ቀንሰው እነዚህን እንደነበሩ የሚተዉ ሰዎች ለውጥ ሳያዩ ይቀሩና ሕክምናው አልሠራም ይላሉ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ «ጅማቱ ዞሮ ነው፣ ወጌሻ ጋ ሄደህ ታሽ» ይሉኛል። ልሂድ?

መልስ፦ ለዚህ ሕመም አይሂዱ ብዬ በግልጽ እመክራለሁ። ወጌሻዎች በማኅበረሰባችን ውስጥ ያላቸውን ቦታ አከብራለሁ፤ ነገር ግን እዚህ ላይ የዞረ ጅማትም የወለቀ አጥንትም የለም። ያለው የወፈረና የተቆጣ ሽፋን ነው፤ እሱን በኃይል ማሸት የተቆጣውን የበለጠ ማስቆጣት ነው። ለሕክምና ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ከታሹ በኋላ እብጠታቸው ጨምሮ ነው የሚመጡት። ስስ የቆዳ ነርቭም በዚያው አጠገብ ታልፋለች፤ እሷ ስትደፈጠጥ የአውራ ጣት ጀርባ ይደነዝዛል።

በምትኩ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአሥር ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይያዙበት። ከዚያም በላይ የሚጠቅመው አንጓውንና የአውራ ጣቱን ሥር አብሮ የሚይዝ፣ የጣቱን ጫፍ ግን ነፃ የሚተው መደገፊያ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ብዙዎቹ የእጅ አንጓ መደገፊያዎች አውራ ጣቱን ነፃ ስለሚለቁት ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም፤ ሲገዙ ይህን ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይታሰራል፤ ከሕመም ነፃ በሆነ መጠን ጣቱን ለማንቀሳቀስ በቀን ጥቂት ጊዜ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር የሆናት ልጅ አለችኝ። ስልክ ብዙ አልጠቀምም፤ ሆኖም ሁለቱም አውራ ጣቶቼ ያመኛል። ጡት እያጠባሁ መድኃኒት መውሰድ እፈራለሁ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ይህ ሕመም በአራሶችና በሚያጠቡ እናቶች ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ሕፃኗን በብብቷ ሥር ይዘሽ ስታነሺ አውራ ጣቶችሽ እንደ መንጠቆ ተከፍተው ክብደቷን ሁሉ ይሸከማሉ፤ የምታነሺያትም በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንዱን መዳፍሽን ከመቀመጫዋ ሥር፣ ሌላውን ከጭንቅላቷና ከጀርባዋ ሥር አስገብተሽ፣ አውራ ጣቶችሽን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ገጥመሽ አንሺያት። ስታጠቢ ክንድሽ ትራስ ላይ ይረፍ፤ በዚያ ጊዜ በነፃው እጅሽ ስልክ አትያዢ። መደገፊያውን ያለ ሥጋት ልታደርጊው ትችያለሽ። አይቡፕሮፌን በአብዛኛው ለሚያጠቡ እናቶች የሚፈቀድ ቢሆንም ሐኪምሽን ወይም ፋርማሲስትሽን ጠይቀሽ ውሰጂው። በብዙ እናቶች ላይ ልጁ እያደገ የአያያዙ ሁኔታ ሲለወጥ ሕመሙ ይለቃል።

ጥያቄ፦ እኔን ከማመም ይልቅ ይደነዝዘኛል፤ ሌሊት ነቅቼ እጄን አራግፋለሁ። ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሲደነዝዙ፣ በተለይም ሌሊት፣ በእጅ አንጓ መሐል የሚያልፈው ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተጨንቋል ብለን እንጠረጥራለን። ካርፓል ተነል ይባላል። ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ያድርጉ፤ ሐኪም ዘንድም ይቅረቡ። ከስኳር ሕመምና ከእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል የደም ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል። ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ግን ቀጠሮ አያራዝሙ።

ጥያቄ፦ እናቴ 60 ዓመት አልፏታል። ውጭ አገር ካሉት ልጆቿ ጋር በኢሞ ስታወራ ስልኩን ይዛ ትቆያለች፤ የአውራ ጣቷ ሥር አብጦ እንደ ቋጠሮ ሆኗል። የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቅቷታል።

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ የአውራ ጣት ሥር መጋጠሚያ መበላት ብዙ ይታያል። የዚህን መጋጠሚያ ጫና ለመረዳት በ1977 የታተመ የባዮሜካኒክስ ጥናት ያገኘውን ላንሣ፦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ አንድ ነገር ስንቆነጥጥ፣ ሥረ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ጫፉ ላይ ካለው 12 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ስልኩን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ብቻ እንኳ ለእናትዎ ቀላል ሥራ አይደለም። የስልክ ማቆሚያ ይግዙላት፤ ከሌለም ስልኩን ከስኳር ዕቃ ጋር አስደግፈው ጠረጴዛ ላይ ያቁሙላት፣ ድምፁንም ከፍ ያድርጉላት። ከልጆቿ ጋር ማውራቷን እንድትቀንስ አልመክርም። ለብ ባለ ውሃ እጇን መዘፍዘፍ ጠዋት ጠዋት ያለውን ግትርነት ያላላል፤ ራጅ ተነሥታ ብትታይም መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ሥራዬ አማርኛ መጻፍ ነው፤ ስልኬን መተው አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም እፈልገው ነበር፤ ስልክ አትንኩ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፣ እንጀራው በስልክ የሆነ ሰው ግን ሊፈጽመው አይችልም። በተለይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ተጨማሪ ጫና አለበት፤ ብዙዎቹ የፊደል መጻፊያዎች ከሳድሱ በቀር አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ ያስነካሉ፣ አንዳንዶቹም ተጭኖ መቆየትን ይጠይቃሉ። ተጭኖ መቆየቱ ለጅማቱ የበለጠ ይከብደዋልና መጻፊያዎ እንዲህ ከሆነ ሌላ ይሞክሩ።

ጉግል ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ የመጻፍ አገልግሎት ይሰጣል። ጸጥ ባለ ቦታ ረዘም ያለውን ጽሑፍ ይናገሩት፤ ጣትዎ የሚሠራው ስሕተት ማረም ብቻ ይሁን። በቀን ደጋግመው የሚጽፉትን ዐረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ ዋጋና አድራሻ፣ በስልኩ መዝገበ ቃላት ውስጥ በሁለት ፊደል ምህጻር ያስቀምጡት። ቴሌግራምም ዋትስአፕም በኮምፒውተር ይከፈታሉ። ኮምፒውተር ከሌለ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በሌባ ጣት ይጻፉ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ነገር ግን የታመመው ጅማት ያርፋል። ቲክቶክ የሚያዩም ከሆነ ማሸብለያው ሌባ ጣት ይሁን። ሕመሙ ሲበርድ ደግሞ ጣቶችን በአንድ ላይ ገጥሞ ስስ ላስቲክ ጠምጥሞ ቀስ ብሎ መክፈትና ይበልጥ ቀስ ብሎ መመለስ ጅማቱን ያጠነክራል፤ እያመመ ግን አይጀመርም።

ጥያቄ፦ ዳይክሎፌናክ ስወስድ ይሻለኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ ለጥቂት ቀናት እንጂ ለሳምንታት አይደለም። ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱት፤ በጾም ወራት በባዶ ሆድ መዋጥም ጨጓራን ይጎዳል። የሚቀባው ዓይነት ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ መርፌ ልውጋህ አለኝ። «ስቴሮይድ አጥንት ይበላል» ሲባል ሰምቼ ፈራሁ።

መልስ፦ በጅማቱ ሽፋን ውስጥ በባለሙያ የሚሰጥ አንድ መርፌ አጥንት አይበላም። ለደ ኬርቫን ሕመም ካሉት ሕክምናዎች ውጤታማው እሱ ነው፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ወይም በሁለት መርፌ ይድናሉ። ማወቅ የሚገባዎት እውነተኛ ጉዳቶቹን ነው። የስኳር ሕመም ካለብዎ ለቀናት ስኳርዎ ከፍ ሊል ይችላል። የተወጋው ቦታ ቆዳ ሊሳሳና ሊነጣ ይችላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ጎልቶ ስለሚታይ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊነግርዎት ይገባ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ይመለሳል። መርፌው ካልሠራ የመተላለፊያዋን ጣሪያ የሚከፍት አጭር ቀዶ ሕክምና አለ፤ በአካባቢ ማደንዘዣ ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባል።

ጥያቄ፦ አውራ ጣቴ ጠዋት ታጥፎ ይቀራል፤ ስዘረጋው «ቋ» ይላል።

መልስ፦ ያ ሌላ ጅማት ነው፤ በመዳፍ በኩል ያለው አጣፊው። ጣቱ ከመዳፍ በሚገናኝበት ቦታ ቢጫኑት ትንሽ እብጠት ያገኛሉ። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። «ቋ» ለማሰኘት ደጋግመው አያጥፉት፤ ሌሊት ቀጥ አድርገው ይሰሩትና ሐኪም ይይዎት።

ጥያቄ፦ ሳልቆይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ፦ እጅዎ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ የመገል ምልክት ሊሆን ይችላል። ወድቀው በእጅዎ ከተመረኮዙ በኋላ አውራ ጣትን ሲከፍቱ ከሥሩ በምትታየው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ካመመዎት የአጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ራጅ ስብራቱን ሳያሳይ ሊቀር ስለሚችል ሕመሙ ከቀጠለ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና መነሣት ይገባል። ብዙ የጣት መጋጠሚያዎች አብረው አብጠው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚገትሩ ከሆነ ጉዳዩ የስልክ አይደለም፤ የመጋጠሚያ ብግነት ምርመራ ይጠይቁ። ከእነዚህ ውጭ ያለውን መደገፊያ አድርገው፣ አያያዝዎን ለውጠው፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ይከታተሉት፤ ካልቀነሰ ይታዩ።