የጥንት ግመል እና የተሸጠው በሬ

“ጋሼ፣ አባቴ እኔን ለማስተማር በሬ ሸጠዋል” ብለሽ ነው የጀመርሽው። የቢቸና ልጅ ነሽ። ባሕር ዳር የመጀመሪያ ዓመትሽን ልትጨርሺ ነው፣ ዲፓርትመንት መምረጥ አለብሽ። ልብሽ ያለው ኦሞ ላይ አጥንቱ በተገኘው የጥንት ግመል ነው። አጎትሽ ደግሞ “የሞተ ግመል እንጀራ አይሆንም፤ ፋርማሲ ተምረሽ ቢቸና ላይ መድኃኒት ቤት ትከፍቻለሽ” ይላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። በሬው የተሸጠው አንቺ እንድትማሪ ነው እንጂ አጎትሽ እንዲመርጡልሽ አይደለም። ደግሞስ የመድኃኒት ቤቱ መነሻ ገንዘብ ከየት ሊመጣ ነው? ሁለተኛው በሬ ሊሸጥ? ፋርማሲ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ተመርቀው ቤት የተቀመጡ የጤና ልጆችም ይጽፉልኛል።

አንቺንም አልምርሽም። አጥንት አጥኚ ብሎ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት አገራችን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በድንጋዩ በር ግቢ። ጂኦሎጂ ተማሪ።

ያ ግመል እ.ኤ.አ. በ2014 ካሜሉስ ግራታርዲ የሚል ስም የወጣለት ነው። የተገኘው ታችኛው ኦሞ፣ ሹንጉራ በሚባለው የደለል ክምር ውስጥ ነው። አጥንት ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም። ደለሉ መሃል ለመሃል የእሳተ ገሞራ አመድ ገብቶበታል፤ ዕድሜው የሚለካው አመዱ ነው። አጥንቱ ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደወጣ ካልታወቀ ከተራ አጥንት ብዙም አይሻል። ያንን ለይቶ የሚነግርሽ ድንጋይ የሚያነብ ሰው ነው። (ግመል ፍለጋ ብለሽ ግን ከደጀን ወደ አባይ በረሃ እንዳትወርጂ! እዚያ ያለው የኖራ ድንጋይ የባሕር ቅሪት ነው፤ ያኔ ግመል ገና አልነበረም። የግመል ዘር መነሻው ሰሜን አሜሪካ ነው ብትያቸውማ አጎትሽ ጭራሽ አያምኑሽም።)

እኔም በጂኦሎጂ ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ነበር። በየሁለት ሜትሩ የሚወጣውን ፍርፋሪ አጥባለሁ፣ በላስቲክ እቋጥራለሁ፣ ጥልቀቱን በማርከር እጽፋለሁ። ጭቃ፣ ጩኸት፣ እንደገና ጭቃ። ይሰለቻል። ግን የወር ደመወዝ ነበረው፣ ዓይኔም ድንጋይ መለየት የለመደው እዚያ ነው። አንቺም ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ሥሪና ወደ ማስተርሱ ተመለሺ። ግመሉ የትም አይሄድ።

ደካማ ነው ያልሽው እንግሊዝኛሽ በንባብ ይስተካከላል። የኦሞ ሙቀት ይለመዳል። “ሴት ልጅ በረሃ አትወርድም” የሚሉሽን እለፊያቸው።

ፎርሙ ላይ ጂኦሎጂን አንደኛ ሙዪ፤ ሁለተኛውን አጎትሽ ያሟሉት። ከዚያ በፊት ግን ለአባትሽ ራስሽ ደውዪላቸው፣ በአጎትሽ በኩል አይሁን። የውሃ ጉድጓዱን ሥራ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ግመሉን ቆይተሽ።