ከሳጥኑ የወጣ ጊታር ለምን ያስቸግራል?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በኢንተርኔት ታዝዘው ስለመጡ አዳዲስ ኤሌክትሪክ ጊታሮች የተላኩልን ናቸው። ጊታሩ ከፋብሪካ ተነሥቶ ገዢው ቤት እስኪደርስ እንጨቱ ላይ ሙቀትና ብርድ፣ እርጥበትና ድርቀት ይፈራረቁበታል፤ ስለዚህ ብልሽት የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከል ብቻ የሚፈልግ ነው። ወፍራሙን ክር 6ኛ፣ ቀጭኑን 1ኛ እንላለን። አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት፣ ገላው ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ክፍል ደግሞ ብሪጅ ይባላሉ። የትኛውንም ቡሎን ከመንካትዎ በፊት አዲስ ክር አስገብተው በትክክል ይቃኙት፤ በዛገ ክር የተወሰደ ልኬት አይታመንም። ሳጥኑንም የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ አይጣሉት።

ጥያቄ፦ ከ1ኛ እስከ 5ኛው ፍሬት ስጫወት ክሮቹ ዝዝ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ንጹሕ ነው። ብሪጁ ላይ ክሮቹን ከፍ ሳደርጋቸው ድምፁ ትንሽ ቀነሰ፤ መጫን ግን ከበደኝ። ልመልሰው?

መልስ፦ ገና አይመልሱት። ዝዝ የሚለው መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ ከሆነ፣ አንገቱ ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ተለጥጧል ማለት ነው። የተመታ ክር በሰፊው የሚወዛወዘው መሐሉ ላይ ስለሆነ፣ አንገቱም ለዓይን እምብዛም የማይታይ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ያስፈልገዋል። ይህን የሚወስነው አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት፣ ትረስ ሮድ ነው። ብሪጁን ከፍ ማድረግ አንገቱ የታመመውን እግሩን እንደ ማከም ነው።

ልኬቱን እንዲህ ይውሰዱ። ጊታሩን እንደሚጫወቱበት አድርገው ይያዙት፤ በጀርባው ከተኛ የገዛ ክብደቱ ልኬቱን ያዛባዋል። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) ይሰሩ። በአንድ እጅ 6ኛውን ክር አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት አካባቢ፣ 17ኛው ፍሬት ላይ ይጫኑ። አሁን የተወጠረው ክር እንደ ማስመሪያ ሆነልዎት። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል። መለኪያ ከሌለዎት አዲስ ክር ሲያስገቡ ከ1ኛው ክር ተቆርጦ የቀረውን ቁራጭ አይጣሉት፤ ባለ 9 (በኢንች 0.009) ከሆነ ውፍረቱ 0.23፣ ባለ 10 ከሆነ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ቁራጩ 6ኛውን ክር ሳያነሣ፣ ግን ታክኮት ካለፈ አንገቱ ልክ ነው። ጭራሹን ካልገባ ቀጥ ብሏል። ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ ካለፈ ደግሞ ጉድጓዱ በዝቷል።

በእርስዎ ሁኔታ ትረስ ሮዱ መላላት አለበት። ቁልፍ የሚገባበትን ጫፍ ፊት ለፊት እያዩ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ያዙሩት፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ። እንደገና ይቃኙት፣ ይለኩት። እንጨት ቶሎ አይታዘዝም፤ ነገ ተመልሰው ቢያዩት ትንሽ ተጨማሪ ለውጥ ሊያገኙ ይችላሉ። ጉድጓዱ የበዛበት አንባቢ ደግሞ በሰዓት አዟዟር ያጥብቅ። ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ልኩ ያልሆነ ቁልፍ ነው፤ በኢንች ለተሠራ ቀዳዳ ተቀራራቢ የሚሊ ሜትር ቁልፍ ከከተቱ ማዕዘኖቹን ይፍቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣትም ማስገባትም የለም። ቁልፉ ጉልበት ከጠየቀ ያቁሙ። ብረቱ ከላላ በኋላም ቁልፉ እንዲሁ እየዞረ አንገቱ ወደ ኋላ እንደተለጠጠ ከቀረ፣ ያኔ ይመልሱት።

አንገቱ ሲስተካከል ወደ ብሪጁ ተመልሰው ክሮቹን ዝቅ ያድርጓቸው። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ሳይጫን ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር 6ኛው 2 ሚሊ ሜትር፣ 1ኛው 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይመቻል። እያንዳንዱ ሳድል (ብሪጁ ላይ አንድ ክር የሚያርፍበት ቁራጭ) ሁለት ቁመት ማስተካከያ ካለው ሁለቱንም እኩል ያዙሩ።

ጥያቄ፦ ክፍት ክሮቹ በትክክል ተቃኝተዋል። 1ኛው ፍሬት ላይ ኤፍ ስይዝ ግን ድምፁ ከፍ ብሎ ይሳሳታል፤ ጣቴም ያመኛል።

መልስ፦ ይህ የነቱ ጉዳይ ነው፤ በጊታሩ ራስና በፍሬቶቹ መካከል ያለው፣ ስድስት ቦይ ያለበት ቁራጭ ማለት ነው። ክሩን 2ኛውና 3ኛው ፍሬት መካከል ተጭነው 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ይዩ። ከፀጉር ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ሆኖ፣ ክሩን በጣት ሲመቱት ትንሽ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ልክ ነው። ሰፊ ክፍተት ካዩ ቦዩ በቂ ጥልቀት የለውም፤ በክሩ ውፍረት ልክ በተሠራ ሞረድ ዝቅ ይደረጋል። ይህን ለባለሙያ እንዲሰጡ እንመክራለን፤ አንድ ጊዜ ሞረዱን አብዝተው ቢስቡ ክፍቱ ክር ዝዝ ማለት ይጀምራል፤ የተቆረጠውም ተመልሶ አይተካም።

ጥያቄ፦ ትሬሞሎውን (ብሪጁን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) በተጫንኩ ቁጥር ቅኝቱ ይፈርሳል። መቃኛ ቁልፎቹን የተሻሉ ልግዛለት?

መልስ፦ ገንዘብዎን ይያዙ። ርካሽ መቃኛ ላይ ያለ ምክንያት ብዙ ይፈረድበታል። መጀመሪያ ይህን ይፈትሹ፦ ዘንጉን ተጭነው ከለቀቁ በኋላ ክሩ ከፍ ብሎ ነው የሚቀረው ወይስ ዝቅ ብሎ? ከፍ ካለ ነቱ ላይ ተይዟል፤ ሲላላ ወደ መቃኛው ተንሸራትቶ ሲወጠር መመለስ አቅቶታል። ሲቃኙ ጢቅ የሚል ድምፅ መስማትዎም ለዚህ ምልክት ነው። ክሩን ከቦዩ አውጥተው ለስላሳ እርሳስ ቦዩ ውስጥ ደጋግመው ያመላልሱ፤ ግራፋይቱ ያንሸራትተዋል።

ዝቅ ብሎ ከቀረ ክሩ ገና አልተሳበም ወይም መቃኛው ላይ ተዝረክርኮ ተጠምጥሟል። ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድሮ ይበቃል። ከዚያ እያንዳንዱን ክር 12ኛው ፍሬት አካባቢ ይዘው ከገላው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያርቁት፣ ይቃኙት፤ ቅኝቱ መውረዱን እስኪያቆም ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙ።

በመጨረሻ ብሪጁ ራሱ። የኋላ ክዳኑን ሲከፍቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሞላዎችና እነሱን የሚይዝ በሁለት ረጃጅም ቡሎኖች የታሰረ ሹካ ያገኛሉ። ብሪጁ እንዲንሳፈፍ ከፈለጉ የኋላ ጠርዙ ከገላው 3 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪነሣ ቡሎኖቹን በየሩብ ዙሩ ያስተካክሉ፤ በየጊዜውም ይቃኙ፤ አንዱ ክር ሲጠብቅ ሌሎቹ ስለሚላሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘንጉን ወደ ላይ የማይስቡ ከሆነ ግን ሞላ ጨምረው ብሪጁን ገላው ላይ ማስተኛቱን እንመርጣለን፤ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ የቀሩት አይዛቡም። ከባለ 9 ወደ ባለ 10 ክር ከቀየሩ ውጥረቱ ስለሚጨምር ብሪጁ ይነሣል፤ ሹካውን እንደገና ማጥበቅ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ክፍቱ ክር ልክ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ግን ቲዩነሩ (የቅኝት መለኪያው) ሌላ ይለኛል።

መልስ፦ ይህን የመጨረሻ ሥራዎ ያድርጉት፤ አንገቱንና የክሩን ቁመት በነኩ ቁጥር ይለወጣልና። 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫነው ድምፅ ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ ያርቁ፤ ዝቅ ካለ ያቅርቡ። ሳድሉን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ክሩን ያላሉት፤ እንደተወጠረ ካዞሩት የቡሎኑ ጥርስ ይበላል። ክሩን ሲጫኑ ጣትዎን አያክብዱ፤ ጉልበት ብቻውን ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

ሳድሉ እስከ ጫፍ ሄዶም 6ኛው ክር እምቢ ካለ ፒክአፑን፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚቀበለውን ባለ ማግኔት ክፍል ይዩ። በተለይ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ 6ኛው 2፣ 1ኛው 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሆን ዝቅ ያድርጉት። ያም ካልረዳ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት፣ ከ12ኛው ፍሬት እስከ 1ኛው ክር ሳድል ይለኩ። በ648 ሚሊ ሜትሩ ጊታር የመጀመሪያው 324 ነው፤ ሁለተኛውም ከዚያ እኩል ወይም ጥቂት ብቻ የሚበልጥ መሆን አለበት። ሳድሉ በምንም መንገድ እዚያ የማይደርስ ከሆነ ብሪጁ በተሳሳተ ቦታ ተተክሏል፤ ለሻጩ ከነፎቶው ይላኩ።

ጥያቄ፦ ክሮቹን ስነካ የአምፕሊፋየሩ ጉርምርምታ ይጠፋል፤ ስለቅ ይመለሳል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ግራውንዱ ይሠራል ማለት ነው። ሲነኩት የሚብስ ከሆነ ግን የጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) ሁለት ሽቦዎች ተለዋውጠው ተበይደው ሊሆን ይችላል። ክሩ ከነዘረዎት ወዲያውኑ ከሶኬት ይንቀሉ፤ አምፕሊፋየሩንና የቤቱን መስመር ባለሙያ ሳያይ አይጫወቱ። የላላ ጃክ ሲያጠብቁ ደግሞ ጃኩን ከውስጥ በጣት ይያዙት፤ ዳዶውን ብቻ ካዞሩ ጃኩም አብሮ ይዞርና ሽቦው ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን ይቧጭረኛል።

መልስ፦ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል፤ ብረቱ ግን አይሰበሰብም። ጊታሩን እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ ክፍል አንድ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ካልተመለሰ እንጨቱን በማስኪንግ ቴፕ ሸፍነው ጫፎቹን በደቃቅ ሞረድ ያለዝቡ።