«ተላለፈ» ሲባል ተወሰነ ወይስ ተራዘመ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ስብሰባችን ቃለ ጉባኤ ላይ «የጥበቃ ክፍያ ጭማሪው ተላለፈ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ግማሹ ሰው «ተወስኗል፣ እንክፈል» ሲል ግማሹ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብሎ አልከፍልም አለ። ቋንቋው ለማን ይፈርዳል?

መልስ፦ እንደተጻፈው ከሆነ ለሁለተኛዎቹ ያደላል። «ተወስኗል» የሚሉትም ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም። ጣጣው ያለው ግሡ ላይ ነው።

«ተላለፈ» የወጣው ከ«አለፈ» ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሳይገናኙ ሲቀሩ «ተላለፉ» እንላለን። ስብሰባ ውስጥ ሲገባ ግን ይኸው ግሥ ብዙ ሥራ ይሠራል። «ውሳኔ ተላለፈ» ካልን ነገሩ አልቋል። «ስብሰባው ለእሑድ ተላለፈ» ካልን ቀኑ ተገፍቷል። «ጉዳዩ ወደ ክፍለ ከተማ ተላለፈ» ካልን ከእኛ እጅ ወጥቶ ወደ በላይ አካል ሄዷል። «ነዋሪው ውሳኔውን ተላለፈ» ካልንማ ሰውየው ጥሶታል ማለት ነው። ከ«ውሳኔው ተላለፈ» የሚለየው «ን» ብቻ ነው።

ትርጉሙን የሚለየው እንግዲህ አጠገቡ ያለው ቃል ነው። «ውሳኔ» የሚል ስም ካለ ተወስኗል፤ «ለ» ወይም «ወደ» ካለ ተራዝሟል ወይም ተመርቷል። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ከእነዚህ አንዱም የለውም። ጭማሪ ደግሞ ይወሰናል፣ ይጸድቃል እንጂ «ተላለፈ» አይባልለትም። ስለዚህ አንባቢ ቶሎ የሚመጣለት መዘግየቱ ነው።

ዜና ላይ «ውሳኔ አሳለፈ» እና «ውሳኔ አስተላለፈ» ሁለቱም ይሰማሉ። እኔ «አሳለፈ»ን እመርጣለሁ። «አስተላለፈ» ለመልእክትና ለትእዛዝ፣ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ለሚደርስ ነገር ይመቻል። ጎረቤታሞች ስለ ራሳቸው ግቢ ሲመክሩ ግን ለማን ያስተላልፋሉ? «ወሰኑ» ይበቃል።

«ጸደቀ»ም ቦታ አለው። አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የቀረበ ነገር ይፈልጋል፤ ዕቅድ፣ በጀት፣ ደንብ፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ። የወረዳ ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል። እዚያው ስብሰባ ላይ ተነስቶ እዚያው ያለቀ መዋጮ ግን ተወሰነ እንጂ ጸደቀ ባይባል ይሻላል።

ወረዳን ካነሳን አይቀር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ «ቀበሌ» ብለው እንዳይጽፉ። ቃሉ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ አፋችን ላይ የቀረ ነው። በ1995ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361፣ የታችኛው እርከን ስም እሱው ነበር። ዛሬም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» እንላለን፤ በአፍ ምንም አይደለም። ወረቀት ላይ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱን በሚጠራበት ስም፣ «ወረዳ» ብለው ይጻፉት።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። ስብሰባው ወስኖ ከነበረ እንዲህ መጻፍ ነበረበት፦ «የጥበቃ ክፍያ በየቤቱ በወር 50 ብር እንዲጨመር በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ክፍያው ከኅዳር 1 ጀምሮ ይፈጸማል።» ብሩንና ቀኑን በእናንተው ይተኩት። የደገፈው፣ የተቃወመውና ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ቁጥርም ይግባበት። ድምፀ ተአቅቦ ተቃውሞ አይደለምና ለብቻው ይቆጠር። አልወሰነም ከነበረ ደግሞ «ጭማሪው በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲታይ በይደር ተያዘ» ይበሉ። «በይደር» ማንንም አያሻማም።

የቱ እንደሆነ የሚያውቁት እዚያ የነበሩት ናቸው። እርስዎ ግን የድሮውን መስመር ሰርዘው በላዩ ላይ እንዳይጽፉበት፤ የፈረሙበት ሰዎች አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ቃለ ጉባኤው ይነበብ፣ ተሰብሳቢው ያስታውስ፣ እርማቱም በአዲሱ ቃለ ጉባኤ ላይ በተራ ቁጥር 1 ይመዝገብ።