እንሽላሊቷን ተያት፣ ቢንቢዋን ፍሪ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ካምፓላ ከመጣን ገና ጥቂት ወራችን ነው። ሙዬንጋ ነው የምንኖረው። ሰፈሩም ሰዉም ጥሩ ነው። ግን ማታ መብራት ሳበራ ግድግዳው በእንሽላሊት ይሞላል። አንዷማ ከሕፃኑ አልጋ በላይ ኮርኒሱ ላይ ተለጥፋ ነው የምታድረው። ትወድቅበታለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሠራተኛችን «አትንኪያቸው» ትለኛለች። ውጭ ስወጣ ደግሞ ቆሻሻ ገንዳ ላይ የሚያፈጡ ግዙፍ ወፎች አሉ። መድኃኒት ልርጭ ወይስ ቤት እንቀይር?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከካምፓላ

መልስ፦ እህቴ፣ ቤት ብትቀይሪም እዚያም ይጠብቁሻል። ትርፉ ኪራይ መጨመር ነው። ካባላጋላ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ስኖር የኔም ሳሎን የነሱ ነበር።

ሠራተኛሽ እውነቷን ነው። ጌኮ ይባላሉ፤ መርዝ የላቸውም። ጣቶቻቸው ሥር በዓይን የማይታዩ እልፍ ፀጉሮች አሉ፤ ኮርኒስ ላይ የሚይዛቸው እሱ ነው። አንዳንዴ ሲጣሉ ዱብ ይላሉ። ያኔም ቀድመው የሚሮጡት እነሱ ናቸው። በመጥረጊያ ካሳደድሻት ጭራዋን ጥላልሽ ትሄዳለች። የቀረው ጭራ ለብቻው ሲወራጭ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ ነው የጮህኩት። ለሷ ግን ሌላ ይበቅልላታል። መድኃኒት እንዳትረጪ፤ ሕፃን ያለበት ቤት ነው። ደግሞ የሚበሉልሽ ቢንቢና የእሳት ራት ነው። የሚሰበሰቡትም መብራቱ በሚጠራው ነፍሳት ምክንያት ስለሆነ፣ የማትጠቀሚበትን አምፖል አጥፊ።

እኔን ያሳሰበኝ ስለ ቢንቢ አንድም ቃል አለመጻፍሽ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ወባን የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ነዋ ያደግነው። ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወባም ዓመቱን ሙሉ አለ። ሰውነታችን ደግሞ አልለመደውም። ዛሬውኑ የሕፃኑ አልጋ ላይ አጎበር ስቀዪ፤ እንሽላሊቷ ብትወድቅም አጎበሩ ላይ ነው የምታርፈው። ልጁን ካተኮሰው ያንኑ ቀን ደሙ ይታይ። ጉንፋን ነው ብለሽ አታሳድሪው።

የማንጎ ዝንብ የሚሏትንስ ነግረውሻል? እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ብጉንጅ ያብጣል። ውጭ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ይተኮስ፤ የሕፃኑ ጨርቅ፣ ካልሲ፣ ፓንት ሳይቀር። ስፌቱና ላስቲኩ ላይ ካውያውን ጫን አድርጊበት። መብራት ከጠፋ ቤት ውስጥ አስጪ።

ወፎቹን እንኳ ታውቂያቸዋለሽ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ የበላ ሁሉ የሚያውቃቸው አባ ኮዳዎች ናቸው። ካልተጠጋሻቸው አይነኩሽም። ለባለቤትሽ ግን ጎጇቸው ካለበት ዛፍ ሥር መኪና እንዳያቆም ንገሪው። ያ ነጭ ነገር ከደረቀ በውኃ ብቻ አይለቅም።