«ተሸካሚ ብቻ ነሽ» ተብዬ መድኃኒት ተከለከልኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ሄሞፊሊያ ኤ (ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ ሕመም) አለበት፤ እኔ ደግሞ ዘሩን የያዝኩ ተሸካሚ ነኝ። የወር አበባዬ ከመጠን በላይ ይፈሳል፤ ጥርስ ተነቅዬ ደሙ አልቆም ብሎኝ ያውቃል። ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕሮቲን፣ ፋክተር 8፣ ተለክቶ 32 በመቶ ወጣ። ለቀዶ ሕክምና የታዘዘልኝን መድኃኒት ኢንሹራንሴ «አያስፈልግም» ብሎ ከለከለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የከለከሉዎት በየትኛው የሕመም መለያ ኮድ እንደሆነ ይወቁ። ኢንሹራንሱ ቀድሞ የሚያየው የሐኪሙን ማስታወሻ ሳይሆን ኮዱን ነው። ዜድ14.01 (Z14.01) ምልክት የሌላት የሄሞፊሊያ ኤ ተሸካሚ ማለት ነው። ዜድ14.02 (Z14.02) ምልክት ያላት ተሸካሚ። ዲ66 (D66) ግን የፋክተር 8 እጥረት ነው፤ ሕመሙ ራሱ። የተጻፈው የመጀመሪያው ከሆነ በወረቀት ላይ ጤነኛ ነዎት።

ኮዱን ከነትርጉሙና የክልከላውን ፋይል በነጻ እንዲልኩልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። በአብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ ይህ መብትዎ ነው።

ከዚያ የደም ሐኪምዎን ያነጋግሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፉ የደም መርጋት ባለሙያዎች ማኅበር ፋክተራቸው ከ5 እስከ 40 በመቶ የሆነ ሴቶች ቀላል ሄሞፊሊያ ያለባቸው እንዲባሉ አሳስቧል። የእርስዎ 32 እዚያው ውስጥ ነው። ሆኖም «ዲ66 ይጻፉልኝ» አይበሉ፤ «ኮዱ ከውጤቴ ጋር ይስማማል ወይ?» ይበሉ። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ለማስከፈል ተብሎ የማይገባ ኮድ ማስጻፍ ማጭበርበር ነው፤ እዚህ አገር በዚህ አይቀለድም። መዝገብዎ ተሳስቶ ከሆነ ግን ሂፓ (HIPAA) በሚባለው የሕክምና መረጃ ሕግ መሠረት እንዲታረም ሐኪም ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። መልስ መስጫው 60 ቀን ነው፤ አንዴ ሊያራዝሙት ይችላሉ።

ይህን ስንል ይግባኙን እንዳይረሱት። የክልከላው ደብዳቤ ከደረሰዎ ጀምሮ 180 ቀን አለዎት። የላብራቶሪ ውጤቱን፣ የሐኪሙን ደብዳቤ፣ የጥርሱንም ታሪክ ያያይዙ። ቀዶ ሕክምናው አስቸኳይ ከሆነ ሐኪምዎ ይህንኑ ይጻፍ፤ ያኔ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰን አለባቸው። እንደገና እምቢ ካሉ በ4 ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ ባለ ገለልተኛ አካል እንዲታይ ይጠይቁ።

ዲ66 ቢጻፍ የጤና ኢንሹራንስ በነባር ሕመም ሰበብ አይከለክልዎትም። የሕይወት ኢንሹራንስ ግን ሌላ ነው፤ ሕመሙን አይቶ ዋጋ ሊጨምር ወይም እምቢ ሊል ይችላል። ለመግዛት ካሰቡ ይህን ይወቁት፤ ሕክምናዎን ግን በዚህ ፍራቻ አያዘግዩ።

ቀጠሮ ላይም ልጅዎን አያስተርጉሙት። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ስለ ወር አበባዎ በልጅዎ አፍ ሲነገር ግማሹን መዋጥዎ አይቀርም፤ ለይግባኙ የሚያስፈልገው ደግሞ ያ የዋጡት ነው።